የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ በተካሄደ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሥልጠና፣ ከሻይ ዕረፍት መልስ አንድ ባልደረባችን እጁን አውጥቶ፣ «ይህ የሙያ ማኅበር የምትሉት ነገር ደመወዛችንን አንድ እርከን እንኳ ካላስጨመረ መዋጮው ለምንድን ነው? ዕድር ይሻለኛል፤ ዕድር ቢያንስ ይቀብረኛል» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ግን ደምበጫን ሳላልፍ ሳቁ ወደ ብስጭት ተለወጠብኝ፤ ይህን አባባል በልዩ ልዩ መልኩ ስሰማው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ከተውሁ ቆይቻለሁና። አንዱ የሙያ ማኅበርን የሠራተኛ ማኅበር ያደርገዋል፤ ሌላው ከወመዘክር፣ ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ጋር ያምታታውና ለአንደኛው የሚገባውን ደብዳቤ ለሌላው ይጽፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ኢፍላ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የዓለም ቤተ መጻሕፍት ሚኒስቴር አስመስሎ «ለምን መጥቶ አይቆጣጠረንም?» ይላል።

የስሕተቱ ምንጭ በከፊል የራሳችን ስም ነው። በ1961 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ማኅበር «የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ማኅበር» ተባለ። (1961 ስል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1953 ወይም 1954 ይሆናል። የካታሎግ፣ ማለትም የመጻሕፍት መዝገብ፣ ሰው ስለሆንሁ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ በመደርደሪያዎቻችን ላይ ካሉት የዘመን ስሕተቶች ብዙዎቹ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተቶች ናቸው። ከዚህ በታችም፣ ከአዋጅ ቍጥር በስተቀር፣ ዓመቶቹን በዚያው አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በዚያ ጊዜ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል በሙያው የሚሠራውን ሰው ሁሉ የሚያቅፍ ንጹሕ ቃል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1963 የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቍጥር 210 ሲወጣና የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ግን «የሠራተኛ ማኅበር» የሚለው ሐረግ የሕግ ትርጉም ያዘ፤ ከአሠሪ ጋር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት የሚደራደር አካል ማለት ሆነ። የእኛ ማኅበር ስም ከሕጉ ቀድሞ የተሰጠ ቢሆንም፣ ሰሚው ሁሉ ከሕጉ በኋላ የመጣውን ትርጉም ይዞ ይጠብቀናል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሠራተኛ ማኅበር የሚቋቋመው አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት እንደሆነ ይደነግጋል፤ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። በጎጃም ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እስከ ወረዳ ትምህርት ቤት ድረስ መጽሐፍ የሚያውሰው ሰው አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እርከኑም የሚወሰነው በሲቪል ሰርቪስ ደንብ ነው። ስለዚህ ባልደረባችን እንዳለው ማኅበሩ ደመወዝ ያስጨምር ቢባል፣ ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጥ ተደራዳሪ የለውም። ጥያቄው ተገቢ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ የተንኳኳው በር የሌላ ቤት ነው።

ባልደረባችን ዕድርን ካነሣ ዘንድ እኔ የጽዋ ማኅበርን ላንሣ፤ ለነገሩ እርሱ ይቀርባል። በየወሩ በ21 የማርያምን ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች አሉ እንበል። ሙሴ አላቸው፣ ደንብ አላቸው፣ ተረኛው ይደግሳል፣ የቀረ ይቀጣል፣ የተጣላ ይታረቃል። ደብሩን የሚያስተዳድረው ግን ሰበካ ጉባኤው ነው፤ የካህናቱን ደመወዝ የሚከፍለውም እርሱ ነው። ክህነት የሚሰጠው ደግሞ ጳጳሱ ነው። ማኅበርተኞቹ ቄስ አይሾሙም፣ ቄስ አይሽሩም፣ የደብሩን መሬት አያከራዩም። ይህ ማለት ግን ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም፤ ማን በደንብ እንደጾመ፣ ማን ለታመመ እንደደረሰ፣ ማን ስም እንዳጎደፈ የሚነጋገረው እዚያ ጽዋው ዙሪያ ነው። የሙያ ማኅበርም እንዲሁ ነው። አሠሪው ሰበካ ጉባኤው ነው፣ በሕግ የተቋቋመ ፈቃድ ሰጪ ካለ እርሱ ጳጳሱ ነው፣ ማኅበሩ ደግሞ ባለሙያዎቹ ስለ ሙያቸው ደኅና አሠራርና ነውር እርስ በርሳቸው የሚዳኙበት ጽዋ ነው።

ምሳሌው በአንዳንድ አገር ይፈርሳል፤ የሚፈርስበትን ቦታ ካልተናገርሁ ደግሞ እኔም እንደዚያ ባልደረባ አሳሳች እሆናለሁ። በ1877 የተመሠረተው የብሪታንያ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1898 ንጉሣዊ ቻርተር አገኘ፤ ዛሬም ተተኪው ሲሊፕ አባላቱን መዝኖ የቻርተር ባለሙያነት ማዕረግ ይሰጣል። ይህ እንግዲህ ጽዋ የሚጠጣም ማዕረግ የሚሰጥም ማኅበር ነው። (ሲሊፕ የተወለደው በ2002 የቀድሞው ማኅበር ከመረጃ ሳይንቲስቶች ተቋም ጋር ሲዋሐድ ነው። በካታሎግ ሕግ ስሙ የተለወጠ ድርጅት አዲስ መግቢያ፣ ማለትም በካታሎጉ የሚፈለግበት ስም፣ ይከፈትለትና ከአሮጌው ጋር በማመላከቻ ይያያዛል እንጂ አሮጌው ስም አይሰረዝም፤ እባካችሁ አትሰርዙ።) በ1876 ፊላደልፊያ ላይ የተመሠረተው የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ደግሞ ለማስተርስ የትምህርት ፕሮግራሞች ዕውቅና ይሰጣል። እዚህ ላይ «የአሜሪካ ማኅበር ዕውቅና የሰጠው ባለሙያ» የሚል አነጋገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ዕውቅናው ለሰውየው ሳይሆን ለተማረበት ፕሮግራም ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ብናገረው፣ ማኅበሩ ጎንጅ ወይም ዋሸራ ሄዶ ጉባኤው ደኅና ጉባኤ ነው ብሎ ይመሰክራል፤ ተማሪው አስመስክሮ መውጣት አለመውጣቱ ግን በእርሱና በመምህሩ መካከል ያለ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው፣ ያው ታላቅ የአሜሪካ ማኅበር እንኳ ስለ ደመወዝ ጉዳይ በቀጥታ መሥራት የታክስ ሕጉ ስለማይመቸው፣ ለደመወዝና ለግለሰብ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚቆም ሌላ ተጓዳኝ ድርጅት በዚህ ክፍለ ዘመን መባቻ ማቋቋሙ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የኖረ፣ ገንዘብም አባልም ያለው ማኅበር ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ኪስ መያዝ አልቻለም። የእኛው ባልደረባ ግን በዓመት ጥቂት ብር አዋጥቶ የእኛ ማኅበር ሁለቱንም እንዲሠራለት ይጠብቃል።

ፈቃድ ሰጪነትን በተመለከተ ናይጄሪያ ጥሩ ማሳያ ናት። የምዕራብ አፍሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1954 ተቋቁሞ ነበር፤ አገሮቹ ነጻ ሲወጡ ማኅበሩም ተከፋፈለና በ1962 የናይጄሪያ ማኅበር ለብቻው ቆመ። ባለሙያዎችን መዝግቦ በሕግ የሚያውቃቸው ምክር ቤት የመጣው ግን በ1995 በወጣ ድንጋጌ ነው። በፊሊፒንስም በ1990 በወጣውና በ2004 በተተካው ሕግ መሠረት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለመሆን የመንግሥት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ፈታኙም የመንግሥት የሙያ ቍጥጥር ኮሚሽን ነው። በሁለቱም አገር ማኅበሩ ለሕጉ ሲሟገት የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱን የሚፈርመው እጅ ግን የማኅበሩ አይደለም። «ማኅበሩ ለምን ያልተማረውን ከቤተ መጻሕፍት አያባርርልንም?» የሚሉ ሰዎች የሚፈልጉት ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤት ደግሞ የሚወለደው ከሕግ አውጪ ነው።

«የቤተ መጻሕፍት ማኅበር» ስንል ያቺ «የ» ማንን እንደምታመለክት ሳናጣራ እናልፋለን። የማኅበሩ አባል ሕንፃው ነው ወይስ ሰውየው? ጀርመኖች ይህን ለይተውታል፤ አንዱ ማኅበራቸው ተቋማትን በአባልነት ይይዛል፣ ከ1900 ጀምሮ ያለው ሌላው ደግሞ በምርምር ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ ሰዎችን ይይዛል። አሜሪካኖቹ ሁለቱንም፣ ጉዳዩ ግድ የሚለውን ተራ አንባቢ ጭምር፣ በአንድ ይቀበላሉ። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኤሌክትሮኒክ ጆርናል በጋራ ለመግዛት የሚመሠርቱት ኮንሶርሺየም ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የሙያ ማኅበር ብሎ የሚጠራው ሰው ዕቁብን ማኅበር ብሎ እንደሚጠራ ሰው ነው።

ኢፍላ የማኅበራት ማኅበር ነው። የተመሠረተው በ1927 ኤዲንብራ ላይ የብሪታንያ ማኅበር ኀምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ በሄግ ነው። ጽዋው፣ ማለትም ጉባኤው፣ በየአገሩ ይዞራል፤ ወደ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በ1984 ናይሮቢ ላይ ነበር፣ ከዚያ በ2007 ደርባን፣ በ2015 ኬፕ ታውን። ግለሰቦችም በአባልነት ሊገቡ ይችላሉ፤ ዋናዎቹ አባላት ግን ብሔራዊ ማኅበራትና ተቋማት ናቸው። ኢፍላ ሊቆጣጠረን አይችልም፤ የሚያወጣው መግለጫና መመሪያ ነው። ከዩኔስኮ ጋር በ1994 ያወጣውና በ2022 ያደሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ እንኳ ከንቲባን የሚያሳምን ወረቀት እንጂ ከንቲባን የሚያስገድድ ሕግ አይደለም።

ታዲያ የሙያ ማኅበር ምን ይሠራል ለሚለኝ፣ ብዙ ከምዘረዝር በእጄ ያለውን አንዱን ላንሣ። የእኛ ሰው የራሱ ስምና የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። በብዙ የውጭ ካታሎጎች ግን ለምሳሌ ያህል «አበበ በቀለ» የሚባል ደራሲ «በቀለ፣ አበበ» ተብሎ ተገልብጦ ይገኛል። መጽሐፉን ልጁ ጻፈው፣ ክብሩ ለአባትየው ሄደ። የአበበ ወንድም ቢጽፍ ከእርሱ ጎን ይሰለፋል፣ የአበበ ልጅ ቢጽፍ ግን በ«አበበ» ሥር ሌላ ቤት ይገባል። የአንዱ ደራሲ መጻሕፍት ግማሹ በ«አ»፣ ግማሹ በ«በ» ሥር ተበትነው ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁንማ ሶፍትዌሩ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ስላለው እኛው ራሳችን፣ በገዛ አገራችን፣ አባትን እያስቀደምን እንሞላዋለን።

በ1961 በጥቅምት ወር ኢፍላ ፓሪስ ላይ የጠራው የካታሎግ ጉባኤ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ የእኛ ማኅበር በተመሠረተበት በዚያው ዓመት መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። የደራሲው ስም ብዙ ቃል ያለው እንደሆነ የመግቢያው ቃል የሚመረጠው፣ በተቻለ መጠን፣ ደራሲው ዜጋ በሆነበት አገር ስምምነት በተደረገበት ልማድ ነው ይላል ውሳኔው። ኢፍላም በኋላ የየአገሩን የስም ልማድ ሰብስቦ አሳትሟል። ቁልፉ «ስምምነት የተደረገበት» የሚለው ነው። ማን ነው የሚስማማው? የሠራተኛ ማኅበር ስለ ስም ቅደም ተከተል አይደራደርም። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሰርኩላር ቢጽፍ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ካታሎገር የሚሰማው «የሙያው ሰዎች በዚህ ተስማምተዋል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነው። ስምምነቱን ማድረግ፣ በጽሑፍ ማኖር፣ ለውጭው ማሳወቅ፣ በየዩኒቨርሲቲው ለሚገባው አዲስ ካታሎገር ማስተማር፣ የሚገለብጠውንም መውቀስ የሙያ ማኅበር ሥራ ነው። ማኅበር በተኛበት አገር ስምምነቱን ሶፍትዌር ሻጩ ያደርገዋል።

የሥልጠናው መጨረሻ ቀን፣ ዕቃችንን ስንሰበስብ፣ ዕድር ይሻለኛል ያለው ባልደረባችን ወደ እኔ መጣ። በአንድ የውጭ ጆርናል ያሳተመው ጽሑፍ በየቦታው በአባቱ ስም እየተጠቀሰበት ለደረጃ ዕድገት ማስረጃ ማቅረብ እንደቸገረው ነገረኝና፣ ይህን ለማስተካከል ለየትኛው ቢሮ ማመልከት እንዳለበት ጠየቀኝ።