መድኃኒት የተላመደ መዥገር ምንድን ነው?

ቀድሞ ይገድለው የነበረውን መድኃኒት፣ በትክክለኛ መጠን ተበጥብጦ በደንብ ቢረጭበትም የሚቋቋም መዥገር መድኃኒት የተላመደ ይባላል። ይህን አቅም አንዲት መዥገር በዕድሜዋ አታመጣውም። በከብቱ ላይ ካሉት ውስጥ ጥቂቶቹ ከተፈጥሯቸው መድኃኒቱን ይቋቋማሉ፤ እያንዳንዱ ርጭት ሌሎቹን ሲጨርስ እነዚህ ተርፈው ይራባሉ። ሰማያዊዋ መዥገር (ቡፊለስ) ደም ጠግባ ስትወድቅ ከ2,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ስለምትችል፣ ጥቂት የተረፉት ግጦሹን ለመውረስ ብዙ ጊዜ አይወስድባቸውም። በአውስትራሊያ መዥገር አርሴኒክን መቋቋም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል።

ነገር ግን «መድኃኒቱ አልሠራም» ሲባል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአረጫጨቱ ነው፤ መጀመሪያ መመርመር ያለበትም እሱ ነው። ከመዥገር መድኃኒቶች 60 በመቶ ዲያዚኖን የሚበጠበጠው 1 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ ነው፤ 12.5 በመቶ አሚትራዝ ደግሞ 2 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር። 15 ሊትር በሚይዝ የጀርባ መርጫ ይህ 15 ሚሊ ሊትር ዲያዚኖን ወይም 30 ሚሊ ሊትር አሚትራዝ ማለት ነው። በቆርኪ ሳይሆን በሲሪንጅ ይለካ። ለአንድ ትልቅ ከብት ከ5 እስከ 10 ሊትር ብጥብጥ ያስፈልጋል፤ አንድ መርጫ ለ10 ከብት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ጀርባው ይረጥባል፣ መዥገሩ ያለበት የጆሮ ውስጥ፣ ብብት፣ የጡት ዙሪያና የጅራት ሥር ደረቅ ይቀራል። ከርጭቱ በኋላ ወዲያው የመጣ ዝናብም መድኃኒቱን ያጥበዋል። የቀጠነ ብጥብጥ ደካሞቹን ገድሎ ጠንካሮቹን ስለሚያስቀር፣ መላመዱንም ያፋጥናል።

ቀጥሎ ቀን መቁጠር ነው። ቡፊለስ ከዕጭነት እስከ ጥጋብ 3 ሳምንት ገደማ በአንድ ከብት ላይ ትቆያለች። ስለዚህ በደንብ ከተረጨ በኋላ በ3ኛውና በ6ኛው ቀን መካከል በሕይወት ያለች፣ ደም እየሞላች የምትሄድ ቡፊለስ ከተገኘች መጠርጠር ተገቢ ነው። የሞተች መዥገርም ደርቃ እንደተጣበቀች ልትቆይ ስለምትችል፣ ነቅሎ እግሯ መንቀሳቀሱን ማየት ያስፈልጋል። አምብሊዮማ የምትባለው ትልቋ መዥገር ግን በሦስት እንስሳት ላይ ተራ በተራ ስለምትመገብ፣ ለአካለ መጠን የደረሰችው ከሣር ላይ በማንኛውም ቀን ትወጣለች። እሷን በማግስቱ ማየት የመላመድ ማስረጃ አይሆንም።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው የላቦራቶሪ የመንከር ምርመራ ነው። ሰሞኑን ካልተረጩ ከብቶች ደም የጠገቡ ቡፊለሶች ይለቀማሉ፤ ክዳኑ በተበሳ ዕቃ፣ ከእርጥብ ወረቀት ጋር ሆነው ሳይዘገዩ ይላካሉ። አልኮል ውስጥ የገቡ ወይም በታሰረ ፌስታል ፀሐይ ላይ የቆዩ አይጠቅሙም። በላቦራቶሪ ታጥበው፣ ደርቀው፣ ተመዝነው በ10 በ10 ይመደባሉ፤ አንዱ ምድብ በመድኃኒት፣ ሌላው ለእኩል ጊዜ በውኃ ብቻ ይነከራል። ከዚያ በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ እርጥበት ባለው ክፍል ለ7 ቀን ቆይተው እንቁላል የጣሉት ይቆጠራሉ። ከውኃዎቹ 10ሩም፣ ከመድኃኒቶቹ 4ቱ ከጣሉ፣ ተቋቋሚዎቹ 40 በመቶ ናቸው። በዕጭ የሚሠራው ምርመራ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ እንቁላሉ እስኪፈለፈልና ዕጩ እስኪጠነክር ግን ሳምንታት ያስጠብቃል።

ውጤቱ መላመድን ካረጋገጠ፣ መቀየር ያለበት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ንጥረ ነገር ያለበት ቤተሰብ (መዥገሩን በአንድ መንገድ የሚያጠቁ መድኃኒቶች ምድብ) ነው፤ የንግድ ስም ብቻ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን የተባሉት መድኃኒቶች ሁለቱም የሚያጠቁት ሶዲየም ወደ ነርቭ የሚገባበትን በር ስለሆነ፣ አንዱን የለመደ መዥገር ብዙውን ጊዜ ሌላውንም ይቋቋማል። ዲያዚኖን የነርቭ ኤንዛይምን ሥራ ስለሚያግድ፣ አሚትራዝ ደግሞ በሌላ መንገድ ስለሚገባ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ትርጉም አለው። በመርፌ የሚሰጠው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን (1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ፣ ከቆዳ ሥር) በቡፊለስ ላይ ይረዳል፤ ወተቷ ለሰው ለሚታለብ ላም ግን አይሰጥም። ወደ አሚትራዝ የተሻገረ ቤት ፈረሱን፣ በቅሎውንና አህያውን ከርጭቱ ያርቅ፤ የፈረስን አንጀት አስሮ ሊገድለው ይችላል።