ዋጋውን ሳያዩ መምረጥ፦ የምርጫ መጠይቅ አቋራጮች

የምርጫ መጠይቅ ሞልታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሁለት ሦስት አማራጮች በሠንጠረዥ ይቀርባሉ። እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ፣ ጥራት፣ የሚወስደው ጊዜ አለው። አንዱን ስትመርጡ ሌላ ሠንጠረዥ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ሌላ።

መልሶቹ የሚተነተኑበት የተለመደው ስሌት መላሹ ሁሉንም ነገር አይቶ፣ አንዱን ከሌላው መዝኖ እንደወሰነ ይቆጥራል። እውነት ለመናገር ማን እንዲህ ያደርጋል? አንዱ ርካሹን ብቻ ይፈልጋል። ሌላው በዋናው መስፈርቱ የማያልፉትን ይጥልና የቀሩትን በሚቀጥለው መስፈርት ያበጥራል። ይህንን የማስወገድ ስልት የሥነ ልቦና ተመራማሪው አሞስ ትቨርስኪ በ1972 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ቀምሮታል። “ይሄ ይበቃኛል” ብሎ ፍለጋውን የሚያቆምም አለ።

ችግሩ የሚመጣው ዋጋ ሲዘለል ነው። ሰዎች ለአንድ ጥቅም ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆኑ የሚሰላው፣ ለጥቅሙ የሰጡት ክብደት ለዋጋ በሰጡት ክብደት ተካፍሎ ነው። መላሹ ዋጋውን ካላየው አካፋዩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ውጤቱም ሰማይ ይነካል! ሰውየው ግን ያን ያህል ልክፈል አላለም፤ ዓምዱን ዘለለው እንጂ።

“ታዲያ የቱን እንደዘለሉ ለምን አይጠየቁም?” ትሉ ይሆናል። ይጠየቃሉ። ግን “አላየሁትም” ያለው ሰው አንዳንዴ አይቶት ትንሽ ክብደት ብቻ ሰጥቶት ይገኛል። መዝለል ሁልጊዜ ስንፍና ነው ማለትም አይደለም። አንዳንዱ ነገር ለመላሹ ከነጭራሹ ጉዳዩ አይደለም።