የትምህርት መርጃዎች የቋንቋ ኮድና የቃላት ምርጫ በጎጃም

ሜታዳታ የአንድ የትምህርት መርጃ አጭር መግለጫ ነው፤ መጽሐፉ ወይም የድምፅ ቅጂው በምን ቋንቋ እንደተዘጋጀ፣ ስለ ምን እንደሚያስተምርና ለማን እንደሚሆን ይናገራል። ፈላጊ መርጃውን የሚያገኘው በዚህ መግለጫ በኩል ስለሆነ፣ የቋንቋ ኮዱ ከተሳሳተ መጽሐፉ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል። በጎጃም ይህ ሥራ ጥንቃቄ የሚሻው በሁለት ምክንያት ነው። በአንድ በኩል ቅኔ በግእዝ ተዘርፎ በአማርኛ የሚፈታበት የአብነት ትምህርት ቤት አለ፤ በሌላ በኩል በጎጃም በሚገኘው የአዊ ዞን አገውኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ነው።

ኮዶቹ የሚገኙት አይኤስኦ 639 ከተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። የ1988 ዝርዝር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባለ ሁለት የላቲን ፊደል ሲሆን አማርኛን «ኤ-ኤም» ይለዋል። በ1998 የወጣው ባለ ሦስት ፊደል ዝርዝር ለግእዝ «ጂ-ኢ-ዜድ» የሚል ኮድ ሰጠ። አገውኛ ግን ለብቻው አልተቆጠረም፤ «ሲ-ዩ-ኤስ» በሚል የወል ኮድ ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ተጨፍልቆ ቆየ። በ2007 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ይህን በደል አስተካከለ፤ አገውኛ «ኤ-ደብሊው-ኤን» ተባለ። ቀድሞ የጎጃም አካል በነበረው በመተከል የሚነገሩት ጉሙዝኛና ሺናሽኛም «ጂ-ዩ-ኬ» እና «ቢ-ደብሊው-ኦ» የሚሉ ኮዶች አሏቸው። የጉሙዝኛ የዘር ምድብ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ኮዱ የቋንቋው የራሱ በመሆኑ ግን ክርክሩ መዝገቡን አይነካውም።

በኢንተርኔት ላይ ከእነዚህ ኮዶች የትኛው እንደሚጻፍ የሚወስነው ደንብ ቢሲፒ 47 ይባላል። ባለ ሁለት ፊደል ኮድ ካለ እርሱ ይወሰዳል፤ ስለዚህ አማርኛ «ኤ-ኤም» ብቻ ነው። ግእዝና አገውኛ ባለ ሁለት ፊደል ስለሌላቸው በሦስቱ ይጻፋሉ። እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ብዙ ታጠፋለች። ከዓባይ ማዶ በወለጋ የሚነገረው ኦሮምኛ ኮዱ «ጂ-ኤ-ዜድ» ስለሆነ፣ መዝጋቢው «ኢ»ን በ«ኤ» ቢተካ በጎጃም ስመ ጥር የቅኔ ቤት በዋሸራ የተቀኘ የግእዝ ቅኔ ኦሮምኛ ሆኖ ያርፋል። በአሮጌ የቤተ መጻሕፍት መዝገቦች ደግሞ ግእዝ «ኢ-ቲ-ኤች» ተብሎ ይገኛል፤ ይህ የተሻረ ኮድ ስለሆነ ሳይታረም መገልበጥ የለበትም።

የቅኔ ቤት መርጃ ሲመዘገብ ዋናው ጥያቄ የትኛው ቋንቋ የት ይግባ የሚለው ነው። በ1995 የተጀመረው ደብሊን ኮር የተባለው የሜታዳታ ደረጃ አንድ የቋንቋ መስክ (መግለጫ የሚሞላበት ቦታ) ብቻ አለው፤ መስኩ ሊደጋገም ስለሚችል ግእዝም አማርኛም ይገባሉ፣ የትኛው የትምህርቱ፣ የትኛው የተማሪው እንደሆነ ግን አይለይም። አይትሪፕልኢ የተባለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በ2002 ያጸደቀው የትምህርት መርጃዎች ደረጃ ይበልጣል፤ የመርጃውን ቋንቋና የተጠቃሚውን ቋንቋ በሁለት መስክ ይለያል። በአማርኛ ለሚማር ተማሪ የተዘጋጀ የመወድስ (የአንድ የቅኔ ዓይነት) ቅጂ የመርጃው መስክ ግእዝ፣ የተጠቃሚው አማርኛ ይሆናል።

በቃላት ምርጫ ግን ይኸው ደረጃ ለእኛ ጠባብ ነው። የትምህርት ቦታን በአራት ቃላት ብቻ ይከፍላል፦ ትምህርት ቤት፣ ከፍተኛ ትምህርት፣ ሥልጠናና ሌላ። ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ፣ የአገሪቱን ሊቃውንት ያፈሩ ጉባኤ ቤቶች «ሌላ» ተብለው ሊመዘገቡ አይገባም። ደረጃው ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ የራስን የቃላት ዝርዝር መጠቀም ይፈቅዳል፤ ዝርዝሩም ከጉባኤው ተዘጋጅቶ ይገኛል። ተማሪው ግስና አገባብ ያጠናል፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ባለው የቅኔ ዓይነት በጉባኤ ቃና ጀምሮ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ ከዚያም እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። የተማሪውን ደረጃ ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ቃል የለም።

የቀረው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። «ሥነ ጽሑፍ» እና «ስነ ፅሁፍ» ለአንባቢ አንድ፣ ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው። በ2009 የጸደቀው ስኮስ የተባለው የቃላት ዝርዝር ማደራጃ ደረጃ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ በየቋንቋው አንድ ተመራጭ ስያሜ ብቻ ይፈቅዳል፤ ሌሎቹ አጻጻፎች በአማራጭነት ይያያዛሉ፣ በየትኛውም ቢፈለግ መርጃው ይገኛል። የአዊ ሕዝብ ቋንቋም በተናጋሪዎቹ አንደበት አውኚ፣ በአማርኛ አገውኛ ተብሎ ሁለቱም ስም በአንዱ ኮድ ሥር ይቀመጣል።