አማካይ ወርድ ምንድነው? (በጥላ መለካት)

ኮንቬክስ እሚባለው ቅርጽ ውስጡ ካሉት ነጥቦች ሁለቱን መርጣችሁ ቀጥ ባለ መስመር ስታገናኟቸው መስመሩ ውጪ እማይወጣ ከሆነ ነው። ኳስ፣ ሳጥን፣ እንቁላል ኮንቬክስ ናቸው፣ ሙዝ አይደለም።

ጋራዥ እምትሰሩ ካሊፐር (ነገሩን በሁለት ትይዩ መንጋጋ ይዞ ወርዱን እሚለካ መሳሪያ) ታውቁ የለ? ጠፍጣፋ ቅርጽ በካሊፐር ያዙና ለኩት፣ በዛ አቅጣጫ ወርዱ እሱ ነው፣ ትንሽ አዙሩት ደግማችሁ ለኩ፣ እንዲ እያላችሁ በሁሉም አቅጣጫ ያለውን ወርድ አማካይ ስታወጡ አማካይ ወርድ ይባላል። ከዛ በፓይ አባዙት፣ ዙሪያው ወጣ! ኮንቬክስ ይሁን እንጂ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ይሰራል። ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ወርዱ ከ1 እስከ 1.41 ይለዋወጣል፣ አማካዩ 1.27 ገደማ ነው፣ በፓይ ሲባዛ 4።

ኮሺ እሚባለው ፈረንሳዊ የሂሳብ ሰው ደግሞ ለድፍን ነገር በጥላ ሰራው። የፀሐይ ጨረር ቀጥ ብሎ በሚያርፍበት ሰሌዳ ላይ የሚወድቀውን ጥላ ስፋት ከሁሉም አቅጣጫ ለኩ፣ አማካዩን በ4 አባዙ፣ የነገሩ የላይ ገጽ ስፋት እሱ ነው። ጎኑ 1 የሆነ ኩብ ጥላው ከ1 እስከ 1.73 ይሄዳል፣ አማካዩ 1.5፣ በ4 ሲባዛ 6፣ ስድስቱ ፊቶቹ ማለት ነው (ክረምት ላይ ደሴ ሆናችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቁ)።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃድዊገር የተባለ ስዊዛዊ የሂሳብ ሰው ነገሩን ዘጋው ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ሲዞር እማይቀየር፣ ቅርጹ ትንሽ ሲለወጥ እማይዘል፣ ቆራርጠው ሲደምሩት እሚገጥም መለኪያ ሁሉ ከአራት ቁጥሮች ይገነባል አለ፤ ይዘት፣ የላይ ገጽ፣ አማካይ ወርድ፣ አራተኛው ለማንኛውም ኮንቬክስ ነገር ያው 1 ነው።

ኮንቬክስ ካልሆነስ? ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ አስቡት፣ መስቀል ነው። አቃለን አምስት እኩል ካሬ ነው እንበል፣ የእያንዳንዱ ጎን 1። ግድግዳውን ተከትላችሁ ብትዞሩ 12 ትሄዳላችሁ፣ አማካይ ወርዱ በፓይ ሲባዛ ግን 9.66 ነው እሚሰጣችሁ፣ ካሊፐሩ የገባውን ማዕዘን ስለማያየው፣ ዙሪያውን በገመድ እንደማሰር ነው ውጤቱ። ክሮፍተን የተባለ የሂሳብ ሰው በ1868 (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ዘዴ እዚ ጋ ያዋጣል፦ በዘፈቀደ መስመር እያሰመሩ ግድግዳውን ስንት ጊዜ እንደቆረጠው መቁጠር። ኮንቬክስ ቢሆን የነካው መስመር ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው እሚቆርጠው፣ መስቀሉን ግን አንዳንዱ አራት ጊዜ ይቆርጠዋል፣ አማካዩ ወደ 2.5 ይጠጋል፣ 9.66ን ለ2 አካፍላችሁ በሱ ስታባዙት ያ የጎደለው ዙሪያ ተመልሶ 12 ይሞላል።