ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክና የእንስሳት ደም ማዕድናት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ደም ውስጥ ብረት ስላለ ማግኔት ይስበዋል»

የደም ብረት እንደ ሚስማር ብረት አይደለም። እያንዳንዱ የብረት አቶም ሄሞግሎቢን በሚባለው ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን ውስጥ ለየብቻው ታስሮ ይገኛል። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን ከማግኔት በጥቂቱ ይሸሻል፤ ኦክስጅኑን የለቀቀው ደግሞ በጥቂቱ ይሳባል። ኬሚስቶቹ ፓውሊንግና ኮርየል ይህን እ.ኤ.አ. በ1936 አሳይተዋል። ሽቦ ለሚውጡ ላሞች በአፍ የሚሰጠው ማግኔትም ሁለተኛው የጨጓራ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የብረት ቁርጥራጭ ይይዛል እንጂ የደማቸውን ብረት አይነካም።

«ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ምንም አያደርግም፤ ወሬ ነው»

ይህም ትክክል አይደለም። (መስኩ እንደ ኤሌክትሪክ መስመር ባሉ ነገሮች ዙሪያ ያለ፣ የማይታይ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል ነው።) በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሙከራ፣ ወተታቸው የነጠፈ 8 እርጉዝ የሆልስታይን ዝርያ ላሞች በ60 ኸርዝ ለ10 ኪሎቮልት በሜትር የኤሌክትሪክ መስክና ለ30 ማይክሮቴስላ የማግኔት መስክ ተጋለጡ፤ በቀን ከ21 ሰዓት በላይ፣ ለ30 ቀናት። በደም ፕላዝማቸው (ሴሎቹ የተለዩለት የደም ፈሳሽ) ውስጥ ማግኒዥየም ቀነሰ። በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሻቸው ደግሞ ካልሲየምና ፎስፈረስ ጨመሩ፤ ብረትና ማንጋኒዝ ቀነሱ።

«እንግዲያው ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ሥር የምትግጥ ላም ትታመማለች»

ከዚያ ሙከራ ይህ ድምዳሜ አይወጣም። ስምንት ላም ጥቂት ነው፤ የማዕድን መጠን መለወጥም በራሱ በሽታ አይደለም። ላም ቶሎ የምታወጣው የማግኒዥየም ክምችት ስለሌላት በየቀኑ ከመኖዋ ማግኘት አለባት፤ ፖታሲየም የበዛበት ለጋ ሣር ደግሞ ማግኒዥየሙ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ስለዚህ ማግኒዥየሟ ከወረደ ቀድሞ መታየት ያለበት መኖው ነው። ውሃ ገንዳው ጋ ደርሳ የምታፈገፍግ ከሆነ ግን ሾልኮ የወጣ ኤሌክትሪክ እየነዘራት ሊሆን ስለሚችል በገንዳውና በቆመችበት ወለል መካከል ያለውን ቮልት መለካት ይገባል።

«የሞባይል ሞገድ እንደ ኤክስሬይ ነው»

አይደለም። እንደ ኤክስሬይ ከአቶም ኤሌክትሮን የሚያስወጣ ጉልበት የለውም። በደንብ የተረጋገጠው ውጤቱ ማሞቅ ነው። ስለዚህ በሙከራ ወቅት የእንስሳው የሰውነት ሙቀት ካልተለካ፣ የታየው ለውጥ የሙቀት ይሁን የሌላ ነገር መለየት አይቻልም።

«ከመጋለጡ በኋላ ቁጥሩ ከተቀየረ፣ ምክንያቱ ሞገዱ ነው»

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፖታሲየም ኢዲቲኤ የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ባለበት ቱቦ የተቀዳ ደም ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ተይዞ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ፖታሲየሙ ደግሞ ከቱቦው ተጨምሮበት ይወጣል። የላስቲክ ክዳን ዚንክ ሊያስገባ ስለሚችል ለዚንክ ልኬት የተዘጋጀ ልዩ ቱቦ ያስፈልጋል። በቀጭን መርፌ በኃይል የተሳበ ወይም የተናጠ ደም ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ በአይጥና በፈረስ ሴሎች ውስጥ ፖታሲየም ብዙ ስለሆነ ሴረሙ (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ላይ በሐሰት ከፍ ይላል። ሴረሙ ቀላ ካለ ናሙናው ይጣል።

ለማዕድን ልኬት ምንም ያልተጨመረበት ቱቦ ወይም ሊትየም ሄፓሪን የተባለ ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ያለበት ቱቦ ይመረጣል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ባለ ጊዜ ውስጥ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ይለይ። የብረት መጠን በቀን ውስጥ ስለሚለዋወጥ ናሙናው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰድ። ከሁሉም በላይ በተመሳሳይ ጎጆ፣ በተመሳሳይ ድምፅና አያያዝ የሚቆይ፣ መስኩ ግን የጠፋበት ቡድን መኖር አለበት። ጠባብ ጎጆ ውስጥ መታሰር ብቻውን የጭንቀት ሆርሞንን ከፍ አድርጎ የሴረም ዚንክን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ናሙናውን የሚለካው ባለሙያም የትኛው ቱቦ ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ማወቅ የለበትም።