የቢሮ አየር ጥራት ልኬትና የመሣሪያው ጥርጣሬ

የቢሮ አየር ጥራት ልኬት ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር በደንብ መለዋወጡንና የበካይ ነገሮች መጠን ከወሰኑ ማለፍ አለማለፉን የማጣራት ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በቢሮ በሚገኝበት መጠን መርዝ ስለሆነ ሳይሆን ሰው ሲተነፍስ ስለሚያወጣው ነው፤ መጠኑ ከፍ ካለ ከውጭ የሚገባው አየር ለተቀመጠው ሰው አይበቃም ማለት ነው። እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውን የ1000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ አንድ ሺህ እጁ ጋዙ ማለት ነው) ወሰን እ.ኤ.አ. በ1858 ያቀረበው የሙኒኩ የጤና አጠባበቅ ተመራማሪ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ነው። የደጁ አየር አሁን 420 ፒፒኤም አካባቢ አለው።

ችግሩ የሚመጣው ንባቡ ወሰኑ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ነው። የስህተት ወሰኑ 50 ፒፒኤም እና የንባቡ 3 በመቶ የሆነ መሣሪያ 980 ቢያሳይ፣ እውነተኛው መጠን ከ900 እስከ 1060 ባለው ውስጥ ነው። «አልፏል» ማለትም «አላለፈም» ማለትም አይቻልም። በሥነ ልክ (የልኬት ሳይንስ) አሠራር ጠንቃቃ ባለሙያ የጥርጣሬውን፣ ማለትም ንባቡ ሊሳሳት የሚችልበትን መጠን ያህል ከወሰኑ ላይ ይቀንሳል፤ በዚህ መሣሪያ ክፍሉን ደህና ነው የሚለው ንባቡ ከ920 ገደማ ካልበለጠ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ርካሾቹ መሣሪያዎች ጋዙን የሚለዩት በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲሆን፣ የሚቆጥሩት ብርሃኑ መንገድ ላይ ያሉትን ሞለኪውሎች ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከፍታው ያልተሞላለት መሣሪያ 1000 ፒፒኤም ያለበትን ክፍል ወደ 760 አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ይህ እንደ ተራ መዋዠቅ አይደለም፤ መቶ ጊዜ ለክቶ አማካይ ማውጣት አያስተካክለውም። እኔ ብጠየቅ፣ ሪፖርት ሲቀርብ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

አንዳንዱ መሣሪያ ከሳምንቱ ዝቅተኛውን ንባብ የደጅ አየር ነው ብሎ ራሱን ያስተካክላል። ሌሊትም ሰው በማይለየው ቢሮ ውስጥ መጠኑ እስከ ደጁ ስለማይወርድ ይህ ያሳስተዋል።

ደቃቅ ብናኝ በተበተነ ብርሃን ሲለካ ጥርጣሬው ይብሳል፤ እርጥበት ብናኙን ያሳብጠዋል፣ የጭሱ ዓይነትም ንባቡን ይለውጠዋል። በየቢሮው ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ ቁጥሩን ሽቅብ ይሰዱታል። ለኪው የቡናውን ሰዓት ካልመዘገበ፣ ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ጥፋቱን ከመስኮቱ ይፈልጋል።