ሙስካትን በእግር? ኧረ ተዉ!

በኦማን ዋና ከተማ ሙስካት፣ ሩዊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። «መሀል ከተማው በየት በኩል ነው?» የሚል ጥያቄ ያልሰማሁበት ቀን ካለ፣ ፈቃድ ላይ ነበርኩ ማለት ነው።

መሀል ከተማ የሚባል ነገር የለም! ሙስካት በሀጀር ተራሮችና በባሕሩ መካከል ተጣብቃ፣ ዳርቻውን ይዛ የተዘረጋች ከተማ ናት። አውሮፕላን ማረፊያው ሲብ፣ ታላቁ መስጊድ ቦውሸር፣ ኦፔራ ቤቱ ቁርም፣ «ሱቅ» የሚባለው የድሮ ገበያ ሙትራህ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሙትራህ ብቻ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ስሙን አምነው «አሮጌው ሙስካት» የሚሄዱት ደግሞ የአል አላም ቤተ መንግሥትን፣ ብሔራዊ ሙዚየሙንና ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1580ዎቹ የሠሯቸውን ሁለት ምሽጎች ያያሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ግርግር ፈልጎ የሄደ ባዶ አደባባይ ይጠብቀዋል። ቤተ መንግሥቱም ከውጭ ፎቶ ለመነሳት ነው፤ አይገባም።

ባለፈው ሰኔ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ በቀትር ወደ ሙትራህ በእግሩ ሊሄድ ተነሳ። «ወንድሜ፣ ታክሲ ልጥራልህ» አልኩት። «ማፑ 3 ኪሎ ሜትር ነው የሚለው፣ ምን አላት?» ብሎ ወጣ። ሲመለስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ጨው ሠርቷል። አንድ ትልቅ ሃይላንድ ውሃ ቆሞ ጨለጠ። ሱቁስ? ዝግ ነበር። ከቀትር በኋላ ይዘጋና አመሻሹ ላይ ነው የሚከፈተው። በሙቀቱ ወራት ሙትራህ የምሽት ቦታ ናት፤ የባሕሩ ዳር መንገድም ያኔ ነው የሚያምረው።

«ትንሿ ዱባይ ናት» ለሚሉ፦ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ፍለጋ አትምጡ። እዚህ ቤቱ ነጭና ዝቅ ያለ ነው።

«መስጊዱን አርብ እናየዋለን» ለሚሉ፦ ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ነው። ሴቶች ፀጉር ይሸፈናል። «ነጠላዬ ይበቃኛል» ያለችኝን እህት ስስ ነው ብዬ የራሴን ሻርፕ ሰጥቻታለሁ። (አልመለሰችልኝም።) የመስጊዱ ምንጣፍም እንደሚባለው የዓለም ትልቁ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአቡ ዳቢው በልጦታል።

ዕጣኑን «የኛው እኮ ነው» የሚል አበሻም አይጠፋም። ዛፎቹ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የኦማኑ ከሙስካት 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዶፋር ነው የሚበቅለው፤ ምርጡ ሆጃሪ ይባላል። ስትገዙ ግን ሪያሉን ከሳዑዲው ጋር እንዳታምታቱት። አንድ የኦማን ሪያል ወደ 10 የሚጠጋ የሳዑዲ ሪያል ነው። «15 ሪያል ብቻ!» ብላ ከፍላ የመጣች ደንበኛዬ ሒሳቡን የሠራችው ሊፍት ውስጥ ነው።